ጆርጅ ስቲር፣ ያየውን የጻፈ ጋዜጠኛ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ማይጨው ስንማር የጦር አዛዦቹን ስም እንይዛለን፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ መጣሉን ለዓለም ያሳወቁትን ሰዎች ግን እምብዛም አናውቃቸውም። ከነዚህ አንዱ ጆርጅ ስቲር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ስቲር በ1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ ኢስት ለንደን በምትባል ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ ጋዜጠኛ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ወደ አዲስ አበባ ሲልከው ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ወሬ ከሰው አፍ መልቀም አልወደደም፤ ጦርነቱ ሳይጀመር እስከ ኦጋዴን ወርዶ አገሩን በዓይኑ አየ።

ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ይጥሉ ጀመር። ኢጣልያ ይህን መሣሪያ ላለመጠቀም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ፈርማ ነበር። በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደራችን መርዙ ያረፈበትን ሣር በረገጠ ጊዜ ቆዳው ይላጥ፣ ዓይኑም ይታወር ነበር። ስቲር ይህን ለጋዜጣው ጻፈ፤ ኋላም «ቄሣር በአቢሲኒያ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ሳምንት በእንግሊዝ ለጋሲዮን ውስጥ ማርጋሪታ የምትባለውን ጋዜጠኛ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢጣልያኖች ከአገር አባረሩት።

በ1929 ዓ.ም. ማርጋሪታ በወሊድ ሞተች። እርሱም ኀዘኑን ይዞ የእርስ በርስ ጦርነት ወደነበረባት ወደ እስፓኝ ተመለሰ። ሚያዝያ 18 ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች ገርኒካ የምትባለውን የባስኮች ከተማ በገበያ ቀን ደበደቡ። ስቲር በዚያው ሌሊት ከቢልባኦ ተነሥቶ ከተማዋ ስትቃጠል ደረሰ፤ ከፍርስራሹም የጀርመን ምልክት የታተመበትን የቦምብ ቀፎ አገኘ። የፍራንኮ ወገኖች ከተማዋን ባስኮች ራሳቸው አቃጠሏት ብለው ነበርና፣ ይህች ምልክት ከብዙ ቃል ትበልጥ ነበር።

በ1932 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ ለስቲር ልጅ የክርስትና አባት ሆኑ። ዓመቱ ሳያልቅ ስቲር ከሱዳን በኩል በአማርኛ የተጻፉ ወረቀቶች እያሳተመ፣ በጠላት ሥር ያሉት ወታደሮች ወደ ንጉሠ ነገሥታቸው እንዲገቡ ይቀሰቅስ ጀመር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በበርማ የሚነዳው ጂፕ ተገልብጦ በ35 ዓመቱ ሞተ።

ጋዙን ያስጣሉትስ? በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ኢትዮጵያ ያቀረበችውን የዐሥር ሰዎች ስም ተቀበለ፤ ባዶልዮና ግራዚያኒም ነበሩበት። በኢትዮጵያ ላይ በሠሩት ግን አንዱም ፍርድ ቤት አልቆመም። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስቲር ከሞተ 51 ዓመት አልፎት።