የከተሞች ምስክር፤ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር

ከተማ በዓለም ፊት የሚኖራት ስም በሕንፃዋና በመንገድዋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ታላቅ ነገር በደረሰባት ቀን አይቶ በትክክል የሚጽፍላት ሰው ማግኘቷም ስሟን ያቆየዋል። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን የጋዜጠኛውን የጆርጅ ስቲርን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ስቲር በ1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለዱ። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተማሩ። የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት የለንደኑ የታይምስ ጋዜጣ ወኪል ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት ነበረ። እስከ ኦጋዴን ድረስ ተጉዘው የአገሩን ሁኔታ በዓይናቸው አዩ። ጠላት የመርዝ ጋዝ መጠቀሙንና የቀይ መስቀል ሠፈሮችን መደብደቡን ለዓለም አሳወቁ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማይቱ በዘረፋና በቃጠሎ ስትታወክ፣ ጋብቻቸውን በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ፈጸሙ። ጠላት ከተማይቱን እንደ ያዘ ግን ከአገር አስወጣቸው።

ከዓመት በኋላ ስፔን ውስጥ ነበሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የተባለችውን የባስክ ከተማ አቃጠሉ። ስቲር በዚያው ሌሊት ከቢልባኦ ተነሥተው ደረሱ፤ ከሞት የተረፉትን ጠየቁ፤ የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የቦምብ ቀፎዎች ሰበሰቡ። የጀኔራል ፍራንኮ ወገን ከተማይቱን ያቃጠሏት ነዋሪዎቿ ራሳቸው ናቸው ብሎ ሲያስወራ፣ ይህ ማስረጃ ሐሰቱን አጋለጠ። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ፒካሶ የጌርኒካን ሥዕል ሠርቶ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤክስፖዚሲዮን ላይ ስለ ቀረበ፣ የትንሿ ከተማ ስም በመላው ዓለም ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ደሴ በኅዳር 1928፣ ሐረር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በቦምብ ተደብድበዋል። የደሴው ወሬ በጊዜው በውጭ ጋዜጦች ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ጌርኒካ በሥዕልና በታላቅ ጉባኤ ተደግፎ ስላልቆየ፣ የዓለም ሰው ረሳው። ስለዚህ ጋዜጣ ስምን ይወልዳል፤ የሚያሳድገው ግን የሚያስታውሰው ሕዝብ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ስቲር በነፃነቱ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመለሱ። ባንዲራችን የተባለው የአማርኛ ጋዜጣና ከአውሮፕላን የሚበተኑት ወረቀቶች ከጠላት ጋር የተሰለፉትን ብዙ የአገር ልጆች አስከዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገብተው ወደ በላያ ተራራ የተጓዙት በዚህ ጊዜ ነው። በላያ የሚገኘው ዛሬ ዋና ከተማው ማንቡክ በሆነው በዳንጉር ወረዳ ነው።

ስቲር ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቤንጋል በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 35 ነበረ። ጌርኒካ ግን አልረሳቻቸውም፤ በ1998 ዓ.ም. የነሐስ ምስላቸውን አቆመችላቸው።

እኛስ? በማንቡክ የሚያስተምር መምህር ወይም በወረዳው የሚሠራ ወጣት ሹም፣ የበላያን ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቀኑንና ቦታውን በትክክል ቢጽፍ፣ ለከተማው ትልቅ ውለታ ይውላል። ማንቡክ በክፉ ወሬ ቀን ብቻ ስሟ የሚነሣ ከተማ እንዳትሆን የሚጠብቃት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። የራሱን ታሪክ ያልጻፈ ከተማ፣ ሌላው በጻፈለት መልክ መታወቁ አይቀርምና።