አባ ጽብራ፦ «አትንኩኝ»ን ያስተማሩት መነኩሴ

በ2020 የፋሲካ ሰሞን፣ የመጀመሪያው ሰገር ታውጆ ምኩራቦች ሲዘጉ፣ እዚህ ክፋር ማርሞሬክ ፊት ለፊታችን ያሉት የመናዊ ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ቆመው ብቻቸውን ሲጸልዩ እናያቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ግራ ገብቶታል። አያቴን ግን ብዙም አልደነቃትም። ከሰው መራቅ፣ ከገበያ ሲመለሱ መታጠብ፣ ከሰው እጅ ገንዘብ አለመቀበል ለሷ አዲስ ነገር አይደለም። ይሄማ የአባ ጽብራ ሥርዓት ነው ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ስማቸውን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል፤ ሕይወታቸውን ግን አናውቀውም። እኔም ሰገሩ እስኪመጣ ድረስ ጠይቄ አላውቅም።

አባ ጽብራ የኖሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ አፄ ዘርአ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን (1434–1468) ነው። ስለሳቸው የምናውቀው አብዛኛው ነገር መነኮሳትና ቀሳውስት በቃል እየተቀባበሉ ያቆዩት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች «ይባላል» ስል ያንን ማለቴ ነው።

ዘመኑ ለቤተ እስራኤል ክፉ ነበር። ከዘርአ ያዕቆብ ቀደም ብሎ አፄ ይስሐቅ ወግቶ አሸንፏቸዋል፤ ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚለውም አዋጅ የሱ ነው ይባላል። መሬት ያጣው ሕዝብ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸማና ወደ ሸክላ ሥራ ዞረ። ዘርአ ያዕቆብ ደግሞ ከሱ እምነት ለወጣ ሁሉ ምሕረት አልነበረውም። ክርስቲያኖቹን ደቂቀ እስጢፋኖስን እንኳ አሳደዳቸው። የገዛ ልጆቹንም በባዕድ አምልኮ ከሶ እንደቀጣ የራሱ ዜና መዋዕል ይናገራል።

የሚገርመው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። አባ ጽብራ ቤተ እስራኤል ሆነው አልተወለዱም፤ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። በአንዱ ትውፊት ቤተ እስራኤልን ሊያጠምቁ መጥተው ራሳቸው በሕዝቡ እምነት ተማረኩ። በሌላው ትውፊት የንጉሡ ልጆች አስተማሪ ነበሩ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ጸጋ አምላክ የሚባለው ልዑል፣ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ተከተላቸው። ንጉሡ ልጁን ለማስመለስ ጦር ላከ፤ ፈጣሪ ሰወራቸውና ሳያገኟቸው ተመለሱ ይባላል።

የተሸሸጉበት ቦታ ሆሃርዋ ይባላል፤ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። እንግዲህ የአባ ጽብራ እውነተኛ ሥራ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መውጫ አጥቶ የተሸሸገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ራሱ ነፍስ ብቻ ነው። እሳቸው ግን መሸሸጊያውን ትምህርት ቤት አደረጉት። ምንኩስናን ለቤተ እስራኤል ያስተማሩ እሳቸው ናቸው ይባላል፤ በማኅበረሰቡ አጠራር «መሎክሴ» የምንላቸው መነኮሳት ሁሉ ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከሳቸው ነው። ጾሙን፣ የሌሊቱን ጸሎት፣ የንጽሕናውን ሕግ ለደቀ መዛሙርት አስረከቡ። ንጉሥና ጦር ለሌለው ሕዝብ መሪዎቹ እነዚህ መነኮሳት ሆኑ። ለየመንደሩ የሚሾሙትን ቀሳውስት የሚያስተምሩትም እነሱ ነበሩ።

መነኮሳቱ በአጥር ተለይተው ይኖራሉ፤ ከምእመን ጋር አይነካኩም፣ ምእመን የሠራውን ምግብም አይበሉም። ሕዝቡ ምክር ሲፈልግ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ያነጋግራቸዋል። ሁለት ሜትር ርቆ ምክር መቀበል ማለት ይሄ ነው።

ሕዝቡም የራሱ «አትንኩኝ» ነበረው። ከመንደር ውጭ የሆነ ሰው የነካ፣ ገበያ የዋለ፣ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። የገበያ ሳንቲም በውሃ ውስጥ ይጣላል። መንደሩ ወንዝ ዳር የሚመሠረተው ለዚህ ነው፤ ጎረቤት ክርስቲያኖችም እነዚህ ሰዎች ውሃ ውሃ ይሸታሉ ይሉ ነበር። ይህን ሥርዓት አባ ጽብራና ጸጋ አምላክ ደነገጉት ይባላል። ሥርዓቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ጎረቤት ይበልጥ እንዲጠረጥራቸው አድርጓል፣ ቡዳ የሚለውን ስም ሳያባብስ አልቀረም። ግን ርስቱን የተቀማ ሕዝብ በጎረቤቱ ውስጥ ቀልጦ እንዳይጠፋ ሌላ ምን አጥር ነበረው? እኔ በግሌ አላገኘሁለትም።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ እዚህ አገር ማንሳት አይወድም። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ሌላው የአይሁድ ዓለም መነኩሴ የለውም። እንደ ኬይ ሸለመይና ስቲቨን ካፕላን ያሉ ተመራማሪዎች የቤተ እስራኤል ምንኩስናና ብዙው ጸሎት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር እንደሚዛመድ ጽፈዋል፤ ያ ጽሑፍ በጊዜው ብዙዎቻችንን አስቆጥቷል። እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። አያቶቻችን ራሳቸው አባ ጽብራ ከወዲያ ማዶ መጡ ብለው ነው የነገሩን፤ አልደበቁትም። አትንኩኝን ያስተማረው ሰው ራሱ በእንግድነት የተነካ፣ የታቀፈ ሰው ነበር።

ሆሃርዋ ከሳቸው በኋላ የጸሎትና የስእለት ቦታ ሆኖ ቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አባ ይስሐቅ የሚባሉ ታላቅ መነኩሴ እዚያ ነበሩ፤ ለፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀው ረሃብ ከቤተ እስራኤል ብዙው አለቀ፤ መነኮሳቱም ተመናመኑ። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ ማኅበረሰቡን ከዓለም አይሁድ ጋር ማቀራረብ ስለፈለገ ምንኩስናን አላበረታታም። ዛሬ መሎክሴ የለንም ማለት ይቻላል። በቅርብ ዓመታት ባር ክሪቡስ የሚባል እስራኤላዊ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የድሮ ገዳማቱን ፍርስራሽ እየዞረ መዝግቧል፤ ቢያንስ ቦታው አልጠፋም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲግድ በጥቂት ሰው ብቻ ተከበረ፤ አያቴም ኢየሩሳሌም ሳትሄድ ቀረች። ጠዋት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ እስከ ማታ ጾማ፣ ቀሳውስቱን በቴሌቪዥን ስትከተል ዋለች። ልንጠይቃት ስንመጣ በሩ ላይ አንድ ሳህን ውሃ አስቀምጣ ጠበቀችን። ሳሙና አልነበረበትም።