ስደተኛው የዜማ መምህር ኬቮርክ ናልባንድያን

መዲናችን አዲስ አበባ በየዘመኑ ከመከራ ያመለጡ እንግዶችን ተቀብላለች። ከእነርሱ መካከል ስማቸው ከሀገራችን የሙዚቃ ታሪክ ጋር አብሮ የሚነሣው አርመናዊው መምህር ኬቮርክ ናልባንድያን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬቮርክ በ1887 በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። ከ1915 ጀምሮ በአርመን ሕዝብ ላይ በተፈጸመው እልቂት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፈውም ቤቱንና ርስቱን ጥሎ ወደ ሶርያ፣ ወደ ፍልስጥኤምና ወደ ሌሎች አገሮች ተበተነ። ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ልጆች በኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ተጠለሉ።

በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም እነዚህ ወላጅ አልባ ልጆች በሙዚቃ ጓድ ተሰልፈው ሲጫወቱ ሰሙ። በዜማቸው ተደስተው፣ በዕጣቸውም አዝነው፣ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋገሩና 40 ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ወጣቶቹም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ፤ አርባ ልጆች በሚል ስምም ታወቁ። መምህራቸውና መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ።

በ1926 ኬቮርክ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንዲደርሱ ታዘዙ። ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ ኅዳር 2 ቀን 1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜም ከ40 ዓመት በላይ አገለገለ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። የትውልድ ከተማቸውን ዳግመኛ አገሬ ሊሏት ያልቻሉት ሰው፣ ሌላው ሕዝብ በሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆሞ የሚዘምረውን ዜማ ሰጡ። ለዳቦና ለመጠለያ ብቻ የመጡ መስለው የታዩ ሰዎች በእጃቸው ስጦታ ይዘው ነበር።

ኬቮርክ ወጣቶችን ሙዚቃ ሲያስተምሩ፣ ለቴአትርም ዜማ ሲደርሱ ኖረው በ1963 ዐረፉ። ዘመዳቸው ነርሲስ ናልባንድያንም የእርሳቸውን ፈለግ ተከትለው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ካሳደጉት አንዱ ሆኑ።

ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ከማርያምና ከዮሴፍ ጋር በግብጽ ስደተኛ እንደነበረ እናምናለን። ዛሬም በከተማችን፣ በጉርድ ሾላም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከየመን የመጡ ጎረቤቶች ይኖሩ ይሆናል። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ በሕግ በተወሰነው መሠረት ሠርተው እንዲኖሩ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ሕግ በር ቢከፍትም፣ ግባ ብሎ ወንበር የሚያቀርበው ጎረቤት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ አንድ የስደተኛ ልጅ ቢኖር፣ ምን እንደጐደለው ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ ምን እንደሚችል ጠይቁት። ራስ ተፈሪ አስቀድመው ያደረጉት ማዳመጥ ነበርና።