የሸጥረንጁ ሊቅ አቡ በክር አስ-ሱሊ

በዚህ እትም ሕይወታቸውን የምንዳስሰው ሰው በቼዝ ተጫዋቾች ዘንድ ከሺህ ዓመት በላይ ስማቸው ሲነሳ የኖረ፣ በእኛ በሙስሊም ተማሪዎች መካከል ግን እምብዛም የማይወሱ ናቸው። አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ የሕያ አስ-ሱሊ ይባላሉ። የዘር ሐረጋቸው ጁርጃንን ይገዛ ከነበረ ሱል ከተባለ የቱርክ መስፍን ይመዘዛል፤ መጠሪያቸውም ከዚያ የመጣ ነው። በባግዳድ የዐረብኛን ቋንቋ ከአል-ሙበረድና ከሠዕለብ ተማሩ፤ ሐዲስን ደግሞ የሱነኑ ባለቤት ከሆኑት ከአቡ ዳውድ ሰምተዋል። በመምህር በኩል ከዚህ በላይ የታደለ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

ስማቸውን በአንድ ቀን ያገነነው ግን ጨዋታ ነው። በኸሊፋ አል-ሙክተፊ ዘመን (ከ289 እስከ 295 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ከ902 እስከ 908) የቤተ መንግሥቱ አንደኛ የሸጥረንጅ ተጫዋች አል-ማወርዲ የሚባል ሰው ነበር። ኸሊፋው በጣም ይወዱታል። የአስ-ሱሊ ችሎታ በፊታቸው ሲወሳ ሁለቱ እንዲገጥሙ አዘዙ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ እንደሚነግረን ጨዋታው ሲጀመር ኸሊፋው አድልዎአቸውን አልደበቁም፤ እዚያው ተቀምጠው ለአል-ማወርዲ ያግዙና ያበረታቱ ነበር። አስ-ሱሊ መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋቡ። የአገሩ ገዥ ለተቃራኒህ ሲያጨበጭብ እጅህን ወደ ጠጠሩ መስደድ ቀላል አይደለም። ቀስ በቀስ ግን ራሳቸውን ሰበሰቡና ማንም ሊከራከርበት በማይችል ሁኔታ አሸነፉ። ኸሊፋው ያዩትን ካዩ በኋላ ፊታቸውን ከቀድሞ ወዳጃቸው አዞሩ። አል-ማወርዲ ማለት ጽጌረዳ ውሃ ሻጭ ማለት ነውና፣ መዓዛው ውሃ ወደ ሽንትነት ተለወጠ የሚል መንፈስ ያለው የቃላት ጨዋታ ተጫወቱበት። እኛ ይህን ስናነብ ያዘንነው ለአል-ማወርዲ ነው። ዓመታት የተገነባ ወዳጅነት በአንድ ሽንፈት እንዲህ ከፈረሰ፣ ያ ፍቅር የተሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለድሉ ነበር ማለት ነው።

ድሉ ከየት መጣ? ለዚህ ሸጥረንጅ ከዛሬው ቼዝ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ፈርዝ (ወዚሩ) ይቆም ነበር፤ የሚሄደውም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ዝሆኑ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ወታደር ሲነሳ ሁለት ቤት መራመድ አይችልም። ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ተሸነፈ፤ መሄጃ ያጣም እንዲሁ ተሸናፊ ነው። (የሀገራችን የቆየ ሰንጠረዥ ስሙንም ፈርዙንም ያገኘው ከዚሁ ከሸጥረንጅ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል በሪፖርታችን ላይ የምናሰምረው ባለ ረድፍና ዓምድ ሣጥን ትዝ ይለናል እንጂ ጨዋታው አይደለም።) ጠጠሮቹ ዝግተኛ ስለነበሩ ሁለቱ ወገኖች እስኪነካኩ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች የመረጠውን አሰላለፍ ይሠራል፤ ይህ አሰላለፍ ተዕቢያ ይባላል። ቃሉን የዛሬዎቹም የቼዝ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። አስ-ሱሊ በሸጥረንጅ ላይ ኪታብ ጽፈዋል፤ ከሳቸው በፊት የነበረውን የአል-ዐድሊን ሥራም መርምረው ስሕተቱን ነቅሰዋል። ደቀ መዝሙራቸው አል-ለጅላጅ ደግሞ አንድን አሰላለፍ ይዞ ቅርንጫፎቹን እርምጃ በእርምጃ የሚዘረዝር ጥናት ትቷል። በኛ ግምት አል-ማወርዲ ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ አስ-ሱሊ ግን ጨዋታውን ገበታው ከመዘርጋቱ በፊት ያጠኑት ሰው ነበሩ። በኸሊፋው ፊት የደነገጠ ልብ ተመልሶ የሚያርፍበት ነገር ያገኘው ከዚያ ጥናት ይመስለናል።

ካስቀመጧቸው እንቆቅልሾች አንዱ ዛሬ የሱሊ አልማዝ ይባላል። በገበታው ላይ ያሉት አራት ጠጠሮች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ንጉሥና ሁለት ፈርዝ። ነጭ ይጀምርና ያሸንፋል። እሳቸው ካስተማሩት ሰው በቀር ይህን የሚፈታ በምድር ላይ እንደሌለ ጽፈው መፍትሔውን ሳይጽፉ ተዉት። እውነትም የሩሲያው የቼዝ ሊቅ ዩሪ አቨርባኽ በ1980ዎቹ መፍትሔውን እስኪያሳትም ድረስ ከሺህ ዓመት በላይ እንደተዘጋ ቆየ።

እዚህ ላይ ከዶርም የሚነሳውን ጥያቄ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም፤ ጨዋታው ይፈቀዳል ወይ? ፈትዋ መስጠት የኛ ድርሻ አይደለም። በሐነፊ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች ክልከላው ያመዝናል። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ቁማር ከሌለበት፣ ሶላት ካላሳለፈና ምላስን ካላበላሸ የተጠላ እንጂ ሐራም አይደለም የሚለው የታወቀ ነው። ታቢዒዩ ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ለገበታው ጀርባቸውን ሰጥተው ይጫወቱ ነበር የሚል ዘገባም አለ። የቀረውን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

አስ-ሱሊ ራሳቸው ግን ተጫዋች ብቻ ቢባሉ ቅር የሚላቸው ይመስለናል። የአቡ ኑዋስን፣ የአቡ ተማምንና የሌሎች ባለቅኔዎችን ግጥም ሰብስበው በሥርዓት አደራጅተዋል። የኪታቡል አጋኒ ደራሲ አቡል ፈረጅ አል-ኢስፈሃኒ ከሳቸው ብዙ ወስዷል። በኸሊፋ አል-ሙቅተዲር ዘመን የልዑሉ የአር-ራዲ አስተማሪ ሆኑ። አንድ ቀን ልጁ ኪታቦቹን ፊቱ ዘርግቶ ሲያነብ የአያቱ አገልጋዮች ገብተው መጻሕፍቱን ለቃቅመው ለምርመራ ወሰዷቸው። ቆይተው መለሷቸው። ልዑሉ ተቆጣ፤ እነዚህ የሐዲስ፣ የፊቅህ፣ የቋንቋና የታሪክ መጻሕፍት እንጂ እነሱ የሚያነቧቸው ዓይነት የባሕር ተረቶች እንዳልሆኑ ንገሯቸው ብሎ ላከባቸው። ታሪኩን የጻፉልን መምህሩ ናቸውና፣ በተማሪያቸው መኩራታቸው ከጽሑፉ አይጠፋም።

ያ ልጅ በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 934) ኸሊፋ ሲሆን አስ-ሱሊም የቅርብ ባለሟሉ ሆኑ። አር-ራዲ በአትክልት ስፍራ ሲዘዋወር አብረውት የነበሩት የአበባውን ውበት ሲያደንቁ፣ የአስ-ሱሊ አጨዋወት ከዚህ ሁሉ እንደሚበልጥበት ነገራቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ940 አር-ራዲ ሞተ። ተተኪው አል-ሙተቂ ከቁርኣን በቀር አጫዋች እንደማይፈልግ አስታወቀ። አስ-ሱሊ ከአል-ማወርዲ በወሰዱት ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሠላሳ ዓመት ያህል ነው፤ ሲነሱ ግን የነቀላቸው የኸሊፋ ለውጥ እንጂ የተሻለ ተጫዋች አልነበረም። በእርጅናቸው ዋሲጥ ድረስ ወርደው ቱርካዊውን የጦር አዛዥ በጅከምን ተጠጉ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ተገደለ።

የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት በበስራ ተደብቀው ነው። ኢብኑ አን-ነዲም እንደዘገበው ስለ ዐሊይ (ረዲየላሁ ዐንሁ) አንድ ዘገባ በማስተላለፋቸው ታላቁም ታናሹም ሊገድላቸው ይፈልጋቸው ነበር። ይኸው ጸሐፊ ከሌላ ሰው ኪታብ ያለ ስሙ ወስደዋል ብሎም ይከሳቸዋል፤ እኛም የሰውየውን ጥሩ ጎን ብቻ ላለመንገር ጠቅሰነዋል። በ335 ወይም በ336 ዓመተ ሂጅራ በድህነት እዚያው ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው።

ኪታቡል አውራቅ ከተሰኘው ትልቅ ሥራቸው የተረፉት ክፍሎች በ1930ዎቹ ታትመዋል። የአር-ራዲንና የአል-ሙተቂን ዘመን የሚተርከው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ዐረብኛ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች የተወሰዱትን መጻሕፍት ታሪክ እዚያ ታገኙታላችሁ።