ቀንድ ያስቀበረው ሰውዬ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ፈረንጅ ገበሬ የላም ቀንድ ውስጥ እበት ጠቅጥቆ መሬት ይቀብራል። አገር ቤት ስሄድ ለአባቴ አሳየሁት። እሱ ግን አልሳቀም። ማዳበሪያ ተወዶበታላ! እበቱ ገብቶታል፤ ያልገባው ቀንዱ ነው። እንደ ተማረ ልጅ እኔን ጠየቀኝ። መልስ ስላልነበረኝ የሰውየውን ታሪክ ፍለጋ ገባሁ።

ሩዶልፍ ሽታይነር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ባለች መንደር ከባቡር ሠራተኛ ተወለደ። ቪየና ሳይንስና ሒሳብ ተማረ፤ በ1891 ከሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ መንገዱን ቀየረ። የመንፈስን ዓለም እንደ ሳይንስ መመርመር ይቻላል ብሎ አንትሮፖሶፊ የተባለውን አስተሳሰብ መሠረተ። በ1919 ሽቱትጋርት ላይ ለሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው የዋልዶርፍ ትምህርት ቤትም የእሱ ሐሳብ ነው።

የእርሻው ጉዳይ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰኔ 1924 ዛሬ ፖላንድ በሆነችው ኮበርዊትዝ፣ አፈራችንና ዘራችን ደከመ ላሉ ገበሬዎች ስምንት ንግግሮች አደረገ። ራሱ ገበሬ አልነበረም። እርሻ እንደ አንድ ሕያው አካል ነው፤ ከብቱ መሬቱን፣ መሬቱ ከብቱን ይመግባል አለ። እስከዚህ ድረስ አባቴም ይስማማል። ቀጥሎ ግን ቀንድ፣ ጨረቃና ፕላኔት መጡ። ደግነቱ ሐሳቡን በሙከራ ፈትሹት ብሎ አደራ ሰጥቷል። ዓመት ሳይሞላው፣ መጋቢት 1925 በ64 ዓመቱ አረፈ።

ሳይንቲስቶች ቀንዱ ከሕዋ ኃይል ይሰበስባል የሚለውን አይቀበሉም፤ ብዙዎቹ ሐሰተኛ ሳይንስ ይሉታል። ከ1978 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዮዳይናሚክ፣ ኦርጋኒክና የተለመደው እርሻ ጎን ለጎን እየተሞከሩ ነው። በ2002 በወጣው ውጤት የሁለቱ ምርት ከተለመደው 20 በመቶ ቢያንስም፣ የተጠቀሙት ፀረ-ተባይ በ97 በመቶ ቀንሷል፤ አፈሩም ይበልጥ ሕይወት ነበረው። ልብ በሉ፣ ቀንድ የማይቀብረው ኦርጋኒክ እርሻም ተሳክቶለታል። ስለዚህ ምስጋናው ለፍግ፣ ለብስባሽና ሰብል ለማፈራረቅ ይመስላል።

ሰው አንዱን ነገር ልክ ስላለ ሁሉን ልክ አይልም፤ አንዱን ስለሳተም ሁሉን አልሳተም። ለአባቴ ደወልኩለት። እበቱን ቀጥልበት፣ ቀንዱን ተወው፣ ግን ምርቱ እንዳይቀንስብህ ከማሳህ ጥግ ላይ በትንሹ ጀምር አልኩት። የሳቅሁበትን ቪዲዮ ግን እስካሁን ለማንም ሼር አላደረግሁም።