ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳ እስከ አህጉር መሪነት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያና እስካሁን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነሣ በአሰልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ ዓመት በፊት ቡድኑ በዚህ ውድድር ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸንፎ ነበር፤ ዘጠኝ ግብ ሲቆጠርበት አንድም አላስቆጠረም። ያን ቡድን ለአሸናፊነት ያበቁት ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ ለእግር ኳስ የሰጡ ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም የእንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ ነው። አባታቸው በቅኔና በዜማ ችሎታቸው የታወቁት፣ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸላቸው ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ።

በ1928 ዓ.ም የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ገና በአፍላ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው በዘር ለይቶ ነጭንና አገሬውን በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ ከለከለ። ይህ የወጣትነት ተሞክሮ ኋላ በአህጉር መድረክ ለያዙት የጸና አቋም መሠረት ሳይሆን አልቀረም። ከነጻነት በኋላ በዚያው ክለብ መለያ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ በጠቅላላው ሃያ ሦስት ዓመት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰልፈዋል።

በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ መሥራቾች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ተገለለች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ብትደርስም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ አዲስ አበባ ገባ። የአቶ ይድነቃቸው ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታ። በፍጻሜው የጠበቀችው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቧቸው ግቦች ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። የቡድኑ አምበል፣ የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

አሰልጣኙ በዚህ ክብር ረክተው አልተቀመጡም። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጣቸው የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። አቶ ይድነቃቸውም ከዚህ ትግል ጎን ነበሩ። ከዚያ በኋላ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተፈቀደላት። በ1964 ዓ.ም የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ለዐሥራ አምስት ዓመት መሩት። አፓርታይድ እስካልወደቀ ድረስ ደቡብ አፍሪካ እንዳትመለስ በጽናት ተከራከሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በቡሄ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድር የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ያቺው አገር፣ ጥቁርና ነጭ የማይለይበት ቡድኗን ይዛ፣ በባሕር ዳር ስታዲየም ኢትዮጵያን ገጥማ 3 ለ 1 አሸነፈች። ወዲያው ኮንፌዴሬሽኑ የባሕር ዳር ሜዳ መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ የኢትዮጵያ ቡድን በቀጣዩ ወር ጋናን በሜዳው ማስተናገድ ሲገባው ጨዋታውን በጆሃንስበርግ ለማድረግ ተገደደ። አቶ ይድነቃቸው ለእኩልነት የታገሉላት ደቡብ አፍሪካ ለመሥራቿ አገር ሜዳ አበደረች።

በመራዊም ሆነ በጣና ዳር ከተሞች አመሻሽ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ታዳጊዎች ሞልተዋል። ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በአራተኛው ለድል የበቃው ቡድን ታሪክ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሽንፈት መጨረሻ የሚሆነው ሥራው ሲቋረጥ ብቻ ነው። ልጆቹ ግን የሚሠለጥኑበት ሜዳና የሚያሠለጥናቸው ሰው ይሻሉ፤ ይህም የትውልዱ የቤት ሥራ ነው።