ሻምበል አበበ ቢቂላና ባዶ እጁን የተመለሰው ቡድን

በማለዳ ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። በጎጃም መንገድ ዳር፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴም ዐሥር ዐሥራ አምስት ሆነው የሚሮጡ ወጣቶች ይታያሉ። ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት ሲያያዘው እነሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ በማግሥቱ ግን እዚያው ናቸው። በጅማ መንገድ ከሰበታ የሚመላለሱ ጓደኞቼም እንዲሁ ያያሉ። የቡራዩዎቹ ደግሞ ሩጫ የሱሉልታ ርስት አይደለም እያሉ ይከራከሩናል። ክርክሩን ለሌላ ቀን ላቆየውና ወደ ተነሣሁበት ልግባ።

ባለፈው የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ነገር ተነሥቶ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ቡድኑ በተከታታይ መሸነፉ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ኳሶቹ ተልጠዋል፣ ማልያው ነትቧል፣ የሜዳው ቀለበት ተጣሟል፤ አሠልጣኝ የሚባለውም ሌላ ሥራ ያለውና ሲመቸው ብቻ የሚመጣ ሰው ነው። ታዲያ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ አንድ ጨዋታ እንኳ ለማያሸንፍ ቡድን ገንዘብ ከማፍሰስ ለሌላ ቢውል ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ጭብጨባም አገኘ። እኔ በጉባዔ መናገር አይሆንልኝምና ያን ቀን ዝም አልሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሯጮቹን በመስኮት ሳይ ግን የአበበ ቢቂላ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ መልሴንም በዚህ ጽሑፍ ይዤ ቀርቤያለሁ። የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ነበረ፤ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ። ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ዓለምን የሚያስደንቅ ሯጭ ይሆናል ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ስሙም ከሠራዊቱ መዝገብ አልፎ የሚታወቅበት ምክንያት አልነበረውም።

እዚህ ላይ አበበን ጥቂት አቆየውና ስለ አንድ የተሸነፈ ቡድን ልናገር። በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፈለች። ጨዋታው የተደረገው በሜልበርን፣ በአውስትራሊያ ነው። አገራችን የላከችው ዐሥራ ሁለት ስፖርተኞችን ሲሆን፣ እነርሱም ሯጮችና ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። ያን ያህል ባሕር ተሻግረው ሄደው ያለ አንድ ሜዳልያ ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዱ ማሞ ወልዴ የሚባል የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ተሰልፎ በአንዱም ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀረ። የኛ የማኅበር ጓደኛ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ምን ዓይነት ንግግር ያደርግ እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። አገሪቱ ድኻ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ጥቂት፣ ሆስፒታሉ ጥቂት፤ ለሩጫ ብሎ አውስትራሊያ ድረስ ሰው መላክ ምን ይባላል?

ሆኖም ቡድኑ አልተበተነም። ሰዎቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የአገራቸውን ስም በጀርባቸው ይዘው በሕዝብ ፊት ተሰለፉ። ይህን ሰልፍ ቆመው ከሚያዩት አንዱ ተራው ወታደር አበበ ቢቂላ እንደ ነበረና፣ እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠይቆ ኢትዮጵያን ወክለው ኦሊምፒክ የሄዱ መሆናቸውን ሲሰማ እሱም እንዲህ ያለ ልብስ ለመልበስ እንደ ተመኘ ይነገራል። ልብ በሉ፤ የተመኘው ያሸነፉ ሰዎችን ልብስ አልነበረም። ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎችን ልብስ ነበረ።

በክቡር ዘበኛ ውስጥ ስፖርቱን የያዙት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስዊድናውያን መኮንኖች የክቡር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች ለማሠልጠን ሲመጡ እሳቸውም መጡ፤ ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና በቀይ መስቀል ሥራ ለብዙ ዘመን አገለገሉ። አበበ በየቀኑ በሱሉልታ ኮረብቶችና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሰ ይሮጥ ነበር፤ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል ይባላል። እንግዲህ እኔ በሚኒባስ ተቀምጬ የማማርርበትን ዳገት እሱ በእግሩ ይወጣው ነበር ማለት ነው። ኒስካነን ይህን ሰው አይተው ለማራቶን ያሠለጥኑት ጀመር።

የሻለቃው ድካም እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የክፍሉ አሠራር ነው። አበበ ወታደር ስለ ነበረ ደመወዙ በወሩ ይደርሰዋል። የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ ሲታመም የሚታከምበትን ክፍሉ ይችላል። ልምምዱም በአለቃ የታወቀ ሥራ ነው እንጂ ከሥራ የተሰረቀ ሰዓት አይደለም። አሠልጣኙ በየዕለቱ አለ። ለዚህ ሁሉ ወጪ በምላሹ ከ1949 እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ ከኦሊምፒክ የተገኘ አንድ ሜዳልያ እንኳ አልነበረም። ያልተዘራ እህል አይታጨድም እንዳልል ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይልቅስ የሚያስደንቀኝ የትዕግሥታቸው ርዝመት ነው። በእርግጥ ከክቡር ዘበኛ ጀርባ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ ከኛ ቡድን ጀርባ ግን ያለው የተማሪ መዋጮ ነው። ልዩነቱን አልክድም።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የማራቶን ማጣሪያ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በላይ የፈጠነ ነበረ። ያውም በደጋ አየር፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት አገር። ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን ቁም ነገር ያለው ሰው ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

ሮማ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እዚህ ችቦው እየተዘጋጀ፣ አደይ አበባው እየተለቀመ ሳለ፣ እዚያ አበበ በባዶ እግሩ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይሮጥ ነበር። የተሰጠው ጫማ ስላልተስማማው ነው አውልቆት የተነሣው። ሩጫው ማታ ላይ በችቦ ብርሃን አለቀ። በመጨረሻ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከአክሱም ተወስዶ በሮማ አደባባይ የቆመው ሐውልት ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን እንዲጨምር ከኒስካነን ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ነበር፤ እንደ ተባባሉትም አደረገ። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፤ ይህም በዓለም ተሮጦ የማያውቅ ሰዓት ነበረ። አበበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነ። ሐውልቱ ግን ወደ አገሩ ለመመለስ ገና 45 ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፦ በዚያው ሩጫ ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ ሰባተኛ ወጣ። እንግዲህ ከሰማይ የወደቀ አንድ ኮከብ ብቻ አልነበረም፤ ከበስተጀርባው ቡድን ነበረ።

ከዚያ በኋላ ደስታው፣ ሽልማቱ፣ የማዕረግ ዕድገቱ መጣ። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ከድል በኋላ የሚሸልም ሞልቶ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ከሦስት ወር ያህል በኋላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው አደባባይ እንደ ወጡ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሙከራው ከሸፈ፤ ክቡር ዘበኛ ተመታ፤ ብዙ ወታደርም ተባረረ። አበበም ታስሮ ተጠይቆ ተለቀቀ። አስቡት፤ ሯጩን የሚመግበው፣ የሚያለብሰውና የሚያሠለጥነው ክፍል ራሱ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ያመፀ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስፖርቱን አብሮ ለመቅበር ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም ነበር። ግን አልተቀበረም። በ1953 ዓ.ም. አበበ ወደ አቴናና ወደ ኦሳካ ተልኮ ሁለቱንም አሸነፈ፤ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሴ ላይ ደገመ።

ሽንፈትም መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቦስተን፣ አበበና ማሞ ወልዴ ብዙውን መንገድ ሲመሩ ቆይተው፣ ብርዱና የፊት ለፊቱ ነፋስ ሲበረታባቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ ዐሥራ ሁለተኛ ሆኑ። አበበ ከአገር ውጭ ጀምሮ በፈጸመው ማራቶን የተሸነፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሜልበርን ያልታየው ማሞም በቦስተን ዐሥራ ሁለተኛ ነው። ሁለቱም ልምምዳቸውን ቀጠሉ።

ለቶኪዮ በሚዘጋጅበት ጊዜ አበበን ትርፍ አንጀት ጣለው፤ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን ከሮጠ በኋላ ስንቆጥረው በመካከሉ 35 ቀን ብቻ ነው ያለው። በዚያን ቀን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ የዓለሙን ክብረ ወሰን እንደገና ሰበረ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ስታዲዮሙ ደርሶ ገባ፤ አበበ ግን በሣሩ ላይ ሆኖ እጅና እግሩን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስለማያውቀው የራሱን፣ የጃፓንን መዝሙር መታ። በዚያው በቶኪዮ ማሞ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ አሁንም ሜዳልያ የለም።

ሜክሲኮ ላይ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የአበበ እግር ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ። ያን ቀን ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። በ10 ሺህ ሜትርም ብር አግኝቶ ነበር። ዕድሜው 36 ነበረ፤ ከሜልበርን ማጣሪያ እስከዚህ ወርቅ ድረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሉ ችሎታል። ይህን ቁጥር ለዚያ ለተናገረው ጓደኛችን ጻፍሁለት።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በተሸለመው ቮልስዋገን ሲጓዝ ሸኖ አካባቢ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። የጀርባው አጥንት ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተልኮ ለወራት ታከመ፤ ሆኖም እግሮቹ አልተመለሱም። ያለ እግር የቀረ ሯጭ ለክፍሉ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖርም ከሠራዊቱ አላስወጡትም። እሱም ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ በበረዶ ላይ!

በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበረ፤ ከሮማ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ በዚያችው ዋዜማ። አበበ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያይ፣ በዐርባ ዓመቱ የሚሮጠው ማሞ ሦስተኛ ወጣ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና ብዙ ሺሕ ሕዝብ ተገኝተው ነበር። ወራት ሳይቆይ አብዮቱ መጣና ክቡር ዘበኛም እንደ ድሮው አልቀጠለም። ዛሬ በሱሉልታ መንገድ የሚሮጡት ከመከላከያ፣ ከባንክ፣ ከፖሊስ ክለብ ደመወዝ የሚያገኙ አሉባቸው፤ ያላገኙም፣ ገና የሚለምኑም አሉባቸው። አንድ ቀን ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት ስንቆም አንዱን ጠይቄው፣ እስካሁን በአንድም ውድድር አላሸነፈም።

የኛ ቅርጫት ኳስ ቡድን ማክሰኞና ሐሙስ በ11 ሰዓት ይለማመዳል። የጎደለው ሁለት ኳስ፣ ዐሥር ማልያና ቀለበቱን የሚያቃና ብረት ሠሪ ነው። ማኅበሩ ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ዓርብ ነው።